ቁልፍ የጠፋ ማግስት፦ ለኮሌጅ ግቢ የበር ቁልፍና የካርድ መግቢያ አመራረጥ

ደብረ ብርሃን፣ የኅዳር ወር ሰኞ ጠዋት። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ሠላሳ ያህል ተማሪዎች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆመዋል። 2 ሰዓት ላይ መጀመር የነበረበት ትምህርት 2፡40 ሆኖም አልተጀመረም። ቁልፉን የያዘው ቴክኒሻን ዓርብ ማታ አዲስ አበባ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ስልኩም አይነሣም። ሁለተኛው ቁልፍ ጥበቃ ክፍል ባለው የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ መንጠልጠል ነበረበት። ምስማሩ ባዶ ነው። ከሥሩ የተለጠፈው የቁስል ፕላስተር ላይ "ላብ 2" የሚለው የእስክሪብቶ ጽሑፍ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ሴጌቶ መጣና መወርወሪያው ተቆረጠ። መቁረጡ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰራቱራውን ለመተካት ግን የግዥ ጥያቄ፣ ሦስት ፕሮፎርማና አምስት ሳምንት አስፈለገ። እስከዚያው በሩ በጓጉንቸር ታሰረ። የጓጉንቸሩ ሦስት ቁልፎች እነማን እጅ እንደገቡ የመዘገበ ሰው የለም።

ይህ የሆነው በጠቅላላ አገልግሎት ክፍል በሠራሁበት አንድ የሰሜን ሸዋ ኮሌጅ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሻጮች ቢሮዬ መጥተው የካርድ ማንበቢያ፣ የአሻራ መሣሪያ፣ "አንድ ቁልፍ ሁሉን የሚከፍት" ሲሊንደር (ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት የሰራቱራው እምብርት) ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተዋል። ሁሉም የሚያሳዩኝ ዕቃው በተገጠመበት ቀን በሩ እንዴት እንደሚከፈት ነበር። እኔ የምጠይቃቸው ስለ ሌላ ቀን ነው፦ ቁልፉ ወይም ካርዱ ስለጠፋበት ቀን ማግስት። ያን ቀን ምን ያህል ብር፣ ስንት ሰዓትና የማን እጅ ያስፈልጋል? ለዚህ ጥያቄ የማያወላዳ መልስ ያለው አማራጭ ለእኔ ጥሩ ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ፕሮፎርማ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታል። አማራጮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ግን ይቻላል።

## አስቀድሞ መመዘኛው

የመጀመሪያውን ተናግሬያለሁ፤ የጠፋ ማግስት ነው። ሌሎቹ እነሆ።

መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል? የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ የሚከፈት ወይም ኃይል ሲቋረጥ ተቆልፎ የሚቀር። ሻጩ ይህን ሳይጠየቅ ካልነገርዎ ይጠርጥሩት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ላይ የመጀመሪያው ዓይነት የተገጠመለት የኮምፒውተር ክፍል፣ ባትሪው ያለቀበት ሌሊት ክፍቱን ያድራል።

እሳት ቢነሣ? ሰው የሚኖርበት ወይም የሚማርበት ክፍል በር ከውጭ እንደፈለገ ይቆለፍ፤ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ፣ ያለ ካርድና ያለ ኮድ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። በዚህ ላይ አልደራደርም። የማደሪያ ሕንፃን የጎን በር ማታ ማታ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ከውጭ የሚያስር ተቋም አይቻለሁ፤ ምክንያቱ "ተማሪ እንዳይወጣ" ነበር። ጭስ ሲመጣ ያ ቁልፍ በየትኛው ዘበኛ ኪስ እንዳለ የሚያጣራ ጊዜ አይኖርም።

ጠጋኙ የት ነው? ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ባለሙያ በዕለቱ መጥቶ ሊመለስ ይችላል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ኮሌጅ ግን ያው ባለሙያ አበልና መኪና ይጠይቃል፤ መንገዱም እንደ ሰሞኑ ነው። የከተማው ብረታ ብረት ሠራተኛ ሊጠግነው የሚችል ሰራቱራ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ብቻ ከሚያውቀው ረቂቅ መሣሪያ የሚሻልበት ቦታ ብዙ ነው።

በራችን ምንድን ነው? ይህ መመዘኛ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የግቢዎቻችን በር በአብዛኛው በቱቦላሬ ፍሬም ላይ የተበየደ ላሜራ ነው። የሆቴል ዓይነት የካርድ ቁልፍ የተሠራው ግን ለወፍራም እንጨት በር ነው። ለአርባ በር ቁልፍ ገዝቶ ቱቦላሬው ጠቦ አንዱም ሳይገባ ዕቃ ግምጃ ቤት የቀረበትን ግዥ በሞዴል 19 ገቢ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አየሩስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለካርድ ሥርዓቶች መጠባበቂያ የሚሆነው የእርሳስ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አምስተኛ ያህል አቅሙን ያጣል፤ በሙቀት ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ያው ባትሪ ደጋ ላይ ቶሎ ይደክማል፣ ቆላ ላይ ቶሎ ይሞታል።

ማን መቼ እንደገባ መመዝገቡ ለጥቂት ክፍሎች ወሳኝ ነው፤ ለፈተና ማከማቻ፣ ለሬጅስትራር መዝገብ ክፍል፣ ለኮምፒውተር ቤተ ሙከራ። ለመማሪያ ክፍል ግን ማን ጥቁር ሰሌዳ ሊሰርቅ?

## ተራ ቁልፍና መዝገብ

አሁን ያለን ይኸው ነው፤ የምንንቀውም ያለ አግባብ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ውርጭ አይበግረውም፣ ማንም ይጠግነዋል። የሚያዋርደው አያያዙ ነው። አሥር ዓመት ያገለገለች ወንበር በሞዴል 22 ተፈርሞባት ትወጣለች፤ አርባ ኮምፒውተር የሚዘጋው ቁልፍ ግን "እንካ ያዘው" ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ባለቤቱ ሲዛወር ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል። ቁልፍ መለሰ ወይ ብሎ የሚፈርም የለም።

ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚይዝ ኮሌጅ አራት ነገር ያድርግ። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የክፍሉ ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይመታበት፤ "ሬጅስትራር" የሚል ፕላስተር የተለጠፈበትን ቁልፍ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው አድራሻውንም አብሮ አገኘ ማለት ነው። ቁጥሩን ከክፍሉ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ቁልፍ በሞዴል 22 ይውጣ፣ ክሊራንስ ላይም የራሱ መስመር ይኑረው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሐምሌ፣ ቁልፎች በአካል ይቆጠሩ። የቆርቆሮ ካዝናና ጠንካራ የመዝገብ ደብተር እንጂ ሌላ የሚገዛ ዕቃ የለም።

ማግስቱ እንዴት ነው? አንድ ቁልፍ ሲጠፋ አንድ ሲሊንደር ይለወጣል። ጉዳቱ በአንድ በር ተወስኖ ይቀራል። ድክመቱ ቅጂ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ቁልፍ ቀራጭ ባዶው፣ ማለትም ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ፣ እስካለው ድረስ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይቀርጽልዎታል፤ ቁልፉ ላይ "አይቀረጽ" ተብሎ ቢጻፍም ይስቃል እንጂ አይመልስዎትም። ቅጂን በእውነት የሚያስቸግረው ባዶው ገበያ ላይ የማይሸጥ፣ በባለቤትነት መብት የተጠበቀ ሲሊንደር ነው። ያም ዋጋው ከፍ ይላል፤ መብቱ የሚያበቃበትን ዓመትም ከሻጩ መጠየቅ ይገባል፤ ዘመኑ ካለፈ ባዶውን ማንም ማምረት ይችላልና።

## ማስተር ቁልፍ

አለቆች ሁሉ የሚወዱት ይህንን ነው። መምህሩ የራሱን ክፍል ብቻ ይከፍታል፤ የሕንፃ ተቆጣጣሪው ሕንፃውን፣ ዲኑ ግቢውን። ከኪስ ውስጥ አንድ ኪሎ ብረት ይቀንሳል።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሲሊንደሩ ውስጥ በምንጭ የሚገፉ ትናንሽ ፒኖች አሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይሰለፉና ሲሊንደሩ ይዞራል። ማስተር ሥርዓት የሚሠራው በፒኖቹ መካከል ተጨማሪ ስስ ቁራጭ በማስገባት ነው፤ ይህም ሁለተኛ የመሰለፊያ መስመር ይፈጥራል። በዚህም ሲሊንደሩ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ በብዙ ቁልፎች መከፈት ይጀምራል። ማት ብሌዝ የተባለው አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጉድ የሚወጣው ከዚሁ ነው። የአንድ ክፍል ቁልፍ ያለው ሰው፣ ጥቂት ባዶ ቁልፎችና ሞረድ ይዞ፣ በገዛ በሩ ላይ አንድ አንድ ጥርስ እየሞከረ የማስተሩን ቅርጽ ሊደርስበት ይችላል። ሌላ በር መንካት አያስፈልገውም። ተራ የማስተር ሲሊንደር ለፈተና ማከማቻ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማግስቱም ከባድ ነው። አርባ በር የሚከፍት ማስተር አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ቢረሳ፣ አርባ ሲሊንደር ይለወጣል ወይም ፒኑ እንደገና ይደረደራል። በተግባር ግን ማንም አይለውጥም፤ "ያገኘው ሰው የምን ቁልፍ እንደሆነ በምን ያውቃል" ተብሎ ይታለፋል። ከዚያች ቀን በኋላ ኮሌጁ ያለው የተቆለፈ የሚመስል ሕንፃ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ጥቂት ቁልፍ ለመሸከም ብለን ሁሉን በር በአንድ ቀለበት አንጠለጠልን።

ማስተር ከፈለጉ ቡድኖቹን ትንንሽ ያድርጓቸው፦ ስምንት ወይም አሥር በር፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ዲፓርትመንት። ግቢውን በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ አያሠሩ፤ ካሠሩም በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በማንም ወገብ ላይ አይንጠልጠል።

## የቁጥር ሰሌዳ

ኮዱ አራት አሐዝ ከሆነ 10,000 አማራጭ አለው ይባላል። ስድስት ወር ካገለገለ በኋላ ግን አራት የቁጥር መጫኛዎች ብቻ ቀለማቸው ይለቃል፤ ያኔ የቀረው አማራጭ 24 ነው። ኮዱ ለአንድ ተማሪ ከተነገረ ለክፍሉ ተነግሯል። ለጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ይበቃል።

## በባትሪ የሚሠራ የካርድ ቁልፍ

ሽቦ አይዘረጋም፤ ቁልፉ በሩ ላይ ይገጠማል፣ በአራት ትናንሽ ድንጋዮች ይሠራል። የከተማው መብራት ሲጠፋ ምንም አይሆንም፤ እኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተራው የአልካላይን ድንጋይ በብርድ ይደክማል። ወደ ውጭ በሚከፈት በር ላይ ጥቅምትና ታኅሣሥ መካከል ድንገት የሚሞቱት እነዚህ ናቸው። የሊቲየም ድንጋይ ብርዱን ይችላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። በሩ ሲሞት ከውጭ ኃይል የሚሰጥ መነካኪያ ወይም የተደበቀ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ የሌለውን አይግዙ።

ማግስቱን ስንጠይቀው መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ከኮምፒውተር ጋር ስለማይገናኝ የጠፋውን ካርድ ለመሰረዝ ሰው ከበር በር መዞር አለበት፤ ካርዱ የሚከፍተው አሥር በር ከሆነ አሥር በር። ሌላው ዓይነት የተሰረዙ ካርዶችን ዝርዝር በሌሎች ካርዶች ላይ ጭኖ ያሠራጫል፤ ሰዎች በገቡ ቁጥር ወሬው ይደርሳል። ሰው የማይገባበት በር ግን ወሬውን አይሰማም። ካርዱ በየሳምንቱ እንዲታደስ ተደርጎ ከተሠራ ይህ ችግር በጣም ይቀላል፤ የጠፋ ካርድ ዝም ብለው ቢተዉት እንኳ በራሱ ይሞታል። ሻጩን በዚህ ይያዙት።

የላሜራ በር ባለቤቶች አሁንም በሩን ለክተው ይግቡበት።

## በሽቦ የተያያዘ የካርድ ሥርዓት

ማግስቱ ከሁሉም የቀለለው እዚህ ነው። ካርዱ ጠፋ፣ ቢሮ ተደወለ፣ ስሙ ተሰረዘ፤ አንድ ደቂቃ። የገባ የወጣው ሁሉ ይመዘገባል። ነገር ግን ገንዘባችሁ የሚቃጠለውም እዚሁ ነው፤ የምናየው ካርዱን ሲሆን አደጋው ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነውና።

ከካርዱ እንጀምር። ርካሹ ካርድ በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው ነው። ማንበቢያው ሲቀርበው ያንኑ አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። በእጅ የሚያዝ ርካሽ መሣሪያ በሰከንዶች ይገለብጠዋል። ከእሱ ከፍ ያለው በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ማይፌር ክላሲክ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ምስጢራዊ አሠራሩ በ2008 እ.ኤ.አ. ተሰብሮ በይፋ ታትሟል፤ ዛሬም ግን እንደ አዲስ ይሸጣል። የግዥ መግለጫው ላይ መጻፍ ያለበት ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3 የሚባለው ካርድ፣ ወይም ኤኢኤስ 128 ቢት በሚባለው የመመስጠሪያ ዘዴ የሚመሰጠር ተመጣጣኝ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይጨመር፦ ማንበቢያው የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተመሰጠረውን መረጃ እንዲያነብ። ይህ ካልተጻፈ ገጣሚው ውድ ካርድ አቅርቦ በርካሽ መንገድ ያስነብበዋል፤ ለውጡን በዓይን ማየት አይቻልም።

ቀጥሎ ሽቦው። ዊጋንድ የሚባለው የቆየ አገናኝ ከማንበቢያው ወደ መቆጣጠሪያው (በሩ እንዲከፈት ወደሚያዘው መሣሪያ) የሚሄደውን ቁጥር ሳይመሰጥር ያስተላልፋል። በጣም የተለመደው ባለ 26 ቢቱ ለአንድ የተቋም ኮድ 65,536 የካርድ ቁጥር ብቻ ስላለው የሌላ ተቋም ካርድ ከእኛ ጋር ሊገጥም ይችላል። ኦ.ኤስ.ዲ.ፒ. የሚባለው አዲሱ አገናኝ መመስጠሪያው ከበራ ምስጢር ይጠብቃል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሣጥኑ። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ካርድ ማንበቢያውንና በሩን የሚከፍተውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በአንድ ሣጥን አድርገው ከበሩ ውጭ ይሰቅላሉ። አንድ ጓደኛዬ ካቻቢቴ ይዞ እንዲህ ያለውን ሣጥን ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ብሎን ነው፤ ሁለቱን ሽቦ አነካካ፣ በሩ "ቀጭ" ብሎ ተከፈተ። ካርዱ ምን ያህል የተመሰጠረ እንደነበር እንኳ አልጠየቅንም። መቆጣጠሪያው ከውስጥ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት።

መቆለፊያውን በተመለከተ በብዛት የሚገጠመው ማግኔት ነው፤ ላሜራ በር ላይ በቀላሉ ስለሚበየድ። 272 ኪሎ ግራም የሚይዘው ዓይነት በ12 ቮልት ግማሽ አምፒር ያህል ይወስዳል። አብሮት የሚመጣው 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ ማግኔቱን ብቻ 14 ሰዓት ይይዛል። መቆጣጠሪያውንና ማንበቢያውን ሲጨምሩ ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል፤ ብርዱንና የባትሪውን እርጅና ሲቀንሱ ከግማሽ ሌሊት በላይ አይተማመኑበት። ከዚያ በኋላ ማግኔቱ ይለቃል። ስለዚህ ማግኔት ዘበኛ ለሚያድርበት ዋና መግቢያ ይሁን። ለኮምፒውተር ክፍልና ለመዝገብ ቤት ኃይል ሲቋረጥ ተቆልፎ የሚቀር፣ ከውስጥ በእጀታ የሚከፈትና ለክፉ ቀን የብረት ቁልፍ ያለው ይገጠም። ማግኔት ያለበት በር ሁሉ ደግሞ ከውስጥ የኃይል መስመሩን በቀጥታ የሚቆርጥ የአደጋ መጫኛ ይኑረው።

## የጣት አሻራ

ለሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራ የገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ ቀጥሎ "በሩም ላይ እናድርገው" ይላል። አሻራ አይጠፋም፣ አይረሳም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በኅዳር ብርድ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጣት፣ ጠመኔ የነካው የመምህር ጣት፣ በሳሙናና በበረኪና የለሰለሰ የጽዳት ሠራተኛ ጣት መሣሪያውን ያስቸግረዋል። እኔ የማውቃት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ሦስት አራት ጊዜ ትሞክር ነበር፤ በመጨረሻ ዘበኛው "እሜቴ፣ ተይው፣ እኔ እከፍታለሁ" ይላታል። የዘበኛው አሻራ የሁሉ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ከማግስት ጥያቄ አንጻር ደግሞ የባሰ ነው፤ የተሰረቀ ካርድ ይለወጣል፣ የተሰረቀ አሻራ አይለወጥም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን የሰውነት መለያ በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙ መረጃዎች ይመድበዋል። የሺህ ተማሪ አሻራ የያዘ ኮምፒውተር ጥበቃ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ኮሌጅ ኃላፊነቱን ያስብበት።

በስልክ ስለሚከፈት በር ብዙ አልልም። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ተማሪው ውጭ ያድራል።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | የመነሻ ወጪ | የጠፋ ማግስት | መብራት ሲጠፋ | የመግቢያ መዝገብ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ቁልፍና መዝገብ | በጣም ዝቅተኛ | አንድ ሲሊንደር መለወጥ | ለውጥ የለም | በእጅ የሚጻፍ | መማሪያ ክፍል፣ ቢሮ፣ ትንሽ ኮሌጅ |
| ማስተር ቁልፍ | መካከለኛ | በማስተሩ ሥር ያለ በር ሁሉ | ለውጥ የለም | የለም | ትንንሽ ቡድን፣ አንድ ፎቅ |
| የቁጥር ሰሌዳ | ዝቅተኛ | ኮድ መለወጥና ለሁሉም ማሳወቅ | እንደ ዓይነቱ | ብዙ ጊዜ የለም | የጽዳት ዕቃ ክፍል |
| በባትሪ የሚሠራ ካርድ | ከመካከለኛ በላይ | በር ለበር መዞር ወይም የካርዱን ጊዜ መጠበቅ | ይሠራል | በሩ ላይ ይቀመጣል | የእንጨት በር ያለው ቢሮ፣ የእንግዳ ማረፊያ |
| በሽቦ የተያያዘ ካርድ | ከፍተኛ | አንድ ደቂቃ | እንደ ባትሪውና መቆለፊያው | የተሟላ | ኮምፒውተር ክፍል፣ መዝገብ ቤት፣ ዋና መግቢያ |
| አሻራ | መካከለኛ | አሻራው አይለወጥም | እንደ ባትሪው | የተሟላ | ጥቂት ሰው የሚገባበት ክፍል፣ ከካርድ ጋር ተጣምሮ |

## ማን ምን ይግዛ

ወረዳ ከተማ ላይ ያለ፣ ሠላሳ አርባ በር የማይሞላ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አይግዛ። ያለውን ገንዘብ ጠንካራ ሰራቱራ፣ የቆርቆሮ ቁልፍ ካዝናና መዝገብ ላይ ያውል። የወርክሾፑንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲሊንደር ብቻ ባዶው በገበያ በማይገኝ ዓይነት ይቀይር። ይህን ምክር ስሰጥ "ዘመናዊ አይደለም" ብለው ፊታቸውን ያጠቆሩብኝ አሉ፤ አሁንም አልቀየርኩም።

መካከለኛ ኮሌጅ፣ መቶ በር ገደማ ያለው፣ ቅይጥ ይሥራ። መማሪያ ክፍሎችና ቢሮዎች በትንንሽ ማስተር ቡድን፤ አምስት ስድስት የተመረጡ በሮች ብቻ በሽቦ ካርድ። ስድስት በር በደንብ የተሠራ ሥርዓት፣ ስልሳ በር በርካሽ ከተሠራው ይሻላል፤ ሁለቱ ፕሮፎርማ ላይ ሲቀራረቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በጀቱ ለካርድ ካልደረሰ በኮድ ወይም በካርድ የሚከፈትና ቁልፍ ማን እንደወሰደ የሚመዘግብ የቁልፍ ካዝና አለ። በሮቹን ሳይነኩ መዝገብ ያስገኛል።

ብዙ ሕንፃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋና መግቢያዎችን፣ ቤተ ሙከራዎችንና የመረጃ ማዕከሉን በሽቦ ያያይዝ፤ የተማሪ መታወቂያው ራሱ ካርዱ ይሁን፣ ሲመረቅ አብሮ ይሰረዝ። የማደሪያ ክፍሎችን ግን ለካርድ አትቸኩሉ። በአንድ ክፍል ስድስትና ስምንት ተማሪ ሲኖር በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፤ ባትሪ አይበረክትም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር የተመታበት ቁልፍ መስጠት፣ መያዣ ማስከፈልና በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሲሊንደሮቹን ከፎቅ ፎቅ ማዘዋወር ይበቃል። አምና የተቀረጸ ቅጂ ዘንድሮ ሌላ በር ላይ ነው የሚሞከረው። ፕሮክተሮቹ ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ በሁለተኛው ዓመት እነሱው ይጠይቁታል።

ለፈተና ማከማቻ ካርድም ሆነ ቁልፍ ብቻውን አይበቃም። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትን እንዴት እንደሚከፍት ያየ ሰው መላውን ያውቀዋል፤ አንዱ ቁልፍ አንዱ እጅ፣ ሌላው ሌላው እጅ፣ ሁለቱም ካልተገኙ አይከፈትም። ሁለት ጓጉንቸር ነው የሚያስፈልገው። ዲኑ አንዱን፣ የፈተና ኃላፊው ሌላውን ይያዝ፤ ለምክትላቸው ሲያስረክቡም ይፈራረሙ።

## ከመፈረም በፊት

ሻጩ ናሙናውን ይዞ ይምጣ፤ ሥዕሉን ሳይሆን ዕቃውን። በእናንተ ላሜራ በር ላይ ይግጠመው። ከዚያ የሕንፃውን ማብሪያና ማጥፊያ ሣጥን ከፍታችሁ ብሬከሩን ጣሉትና ሰዓት ያዙ፤ በሩ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ። ይህ በጠዋቱ ብርድ ቢሆን ይመረጣል፤ 12 ሰዓት ላይ እንዲገኝ ስትነግሩት ሻጩ ይገረማል። አንድ ካርድ ሰጥታችሁ "ይህ ጠፍቷል" በሉት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ካርዱ በሩን መክፈት እስኪያቆም ቁጠሩ። የመቆጣጠሪያው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በማን እጅ እንደሚቀር ሻጩ በጽሑፍ ይስጥ፤ ገጣሚው ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል ያለው ሥርዓት ገዝቶ፣ ገጣሚው ስልክ ቁጥር ቀይሮ የጠፋበትን ቢሮ አውቃለሁ። መለዋወጫ ባትሪና ሲሊንደር ከመጀመሪያው ውል ጋር ይካተት።

ለማንኛውም ሻጭ ከመደወል በፊት ግን አንድ ሳምንት ያለውን ቁልፍ ሰብስቡ። እኛ ስንሰበስብ የስኳር ማዳበሪያ ከረጢት ሥር ሞላ። ከከረጢቱ እያወጣን በር በበር ስንሞክር ውለን፣ አንድም በር የማይከፍቱ ቁልፎች አንድ ባልዲ ተረፉ። ከዚያ ደግሞ ቁልፍ ያልተገኘላቸው ሰባት በሮች ቀሩ፤ ከእነሱ አንዱ የዚያው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የኋላ በር ነበር።